ከልጄ ጋር የተወለደችው ጥርስ

ጥር 6
ሥራ በዛ። ለሦስት ሽማግሌዎች ሰው ሠራሽ ጥርስ ጨረስኩ፤ የአንዱ አልገጥም ብሎ ስሞርደው ዋልኩ። ቤት ስገባ ሚስቴ ታጠባለች። “ነከሰኝ ልጅህ” አለች እየሳቀች። ልጃችን ገና ዘጠኝ ቀኑ ነው... ከታች አንዲት ጥርስ ይዞ ተወለደ።

ጥር 8
እህቴ ጎረቤቶቿን አስከትላ ልትጠይቅ መጣች። ልጁ ሲያዛጋ አንዷ አየችና፣ “ምነው፣ ሥራህን ቤት ድረስ ይዘህ ትመጣለህ እንዴ?” አለችኝ። ተንከተከቱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አረረ። ሚስቴ፣ “የኔ ልጅ ቸኩሎ ነው” አለች ኮራ ብላ። እሷ ስትኮራ እኔ አፈርኩ። በገዛ ልጄ!

ጥር 11
ነቀልኳት። ሚስቴ ገላዋን እየታጠበች ነበር። ትንሽ ትነቃነቃለች... በጨርቅ ያዝ አድርጌ ሳብኩ፣ መጣች። ትርፍ ናት፣ ዋናዋ በስድስት ወሩ ትወጣለች ብዬ። ልጁ ጮኸ። ደሙን ጠረግሁ። ሚስቴ ስትመጣ፣ “ጥርሱስ?” አለች። “ራሷ ወልቃ ይሆናል” አልኩ። አፌን ምን ነካው?

ጥር 12
“ወደ ሳንባው ገብታ ቢሆንስ?” ትላለች ከነጋ ጀምሮ። ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። አንሶላውን አራገፈች፣ አልጋ ሥር ገብታ ፈለገች። እኔም ተንበርክኬ አብሬያት ፈለግሁ... ጥርሷ ኪሴ ውስጥ እያለች። ሰው ነኝ እኔ?

ጥር 13
ሆስፒታል። ደረቱን ራጅ አዘዙለት። ልብሱን ታወልቅለት ጀመር። አልቻልኩም፤ ጥርሷን አውጥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩ። “እኔ ነኝ የነቀልኳት” አልኩ። “ለምን?” አለች። “ሰው ሳቀብን ብዬ...”

ለራጅ ባለሙያው፣ “ይቅር፤ አባቱ ነው የነቀለው” አለችው። ኮሪደሩ ሙሉ ሰማ።

አንዲት ጥርስ ሐኪም ጋ ወሰዱን። “ትርፍ አይደለችም” አለች። “የራሱ የወተት ጥርስ ናት፣ ቀድማ የወጣች። እናቱ ሆድ ውስጥ በስድስተኛው ሳምንት ነው መብቀል የጀመረችው፤ በአራተኛው ወር መጠንከር።”

“ሌላ አትተካም?”

“የቋሚዋ ቡቃያ ከሥር አለ። እሱን ካልነካኸው... ስድስት ሰባት ዓመት ጠብቅ።”

አሥራ አራት ዓመት ጥርስ ስሠራ ኖሬ፣ ጥርስ እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም። ስድስተኛው ሳምንት... ያኔ እኮ ማርገዟንም አልሰማሁም ነበር።

የካቲት 2
ከእኔ ጋር ብቻውን አትተወውም። ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ አቅፋው ትገባለች። ምን እላታለሁ? እውነቷን ነው።

ሐምሌ 4
ጥርስ አወጣ፣ ከባዶው ቦታ አጠገብ። ሚስቴ አልነገረችኝም፤ የሰማሁት ከእህቴ ነው፣ በስልክ።

ነሐሴ 19
የመሥሪያ ቤት ሰዎች ቤት መጡ። ልጁ ከባዶው ቦታ ግራና ቀኝ የወጡትን ጥርሶቹን አሳይቶ ሲስቅ አለቃዬ፣ “ከአሁኑ ፍንጭት! ከማን ወረሰው?” አለ። ሚስቴ ብርጭቆ እንደያዘች ቆማ አየችኝ።

“አልወረሰም” አልኩ። “ይዞ የተወለደውን ጥርስ እኔ ነቅዬበት ነው። አፍሬበት።”

ማንም አልሳቀም።

ሰዎቹ ሲሄዱ ሚስቴ ልጁን አቀበለችኝ። “ሱቅ ደርሼ ልምጣ” አለችና ወጣች። እስክትመለስ እጄን ወደ አፉ አላስጠጋሁም።