ስለ ሦስተኛው መጽሐፍ ለእታለም

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ዓይንሽ እንዴት ነው? መነጽሩ ረዳሽ ወይስ አሁንም አሁንም መርፌው ላይ ክር የምታስገባልሽ ልጅሽ ናት? የጋሼ ወገብስ ተሻለው? እኔ አለሁ ለማለት ያህል አለሁ። ሦስት ደብዳቤ ልኬ መልስ አጣሁ፤ ምክንያቱን ስለማውቀው አልወቅስሽም።

እዚህ ሰው ታዋቂው ደራሲ ይለኛል። ልጆች መጽሐፎቼን አቅፈው መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። የጻፍኩት ሁሉ ግን፣ እግሬ ተሰብሮ በጀሶ በተኛሁበት ዓመት አንቺ እየሰፋሽ ያወራሽልኝ ነው፤ የሚራመደው ድልድይ፣ እናቷን ፍለጋ በላዩ የምትኖረው ልጅ። እሱንስ መርቀሽ ሰጥተሽኛል።

ሦስተኛው ላይ ነውር ሠራሁ። ታማ ጓዳ የተኛችው እማዬ ባረፈችበት ቀን ስትጣራ ሰምተሽ፣ ድካሙ ቢጥልሽ የስፌት መኪናው ድምፅ እንደጋረደሽ ሆነሽ ዝም ማለትሽን በኋላ ለእኔ ብቻ ነበር የነገርሽኝ። ያንን ወስጄ የዚያች የድልድዩ ልጅ ኃጢአት አደረግኩት። ሰው አለቀሰ፣ መጽሐፉ እንደ ጉድ ተሸጠ። አንቺ ደብዳቤ መጻፍ አቆምሽ።

ባለፈው ቅዳሜ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ስፈርም፣ የአሥራ አራት ዓመት ገደማ ልጅ ተራዋ ደርሶ ቀረበች። መጽሐፏን ግን አልሰጠችኝም።

“ዝም ያለቻት እኮ ደክሟት ነው” አለችኝ። “አንተ ለምን ጨከንክባት?”

ብዕሩን አስቀመጥኩ። ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሣሁና ሰልፉን እዚያው ጥዬ በጓሮ በር ወጣሁ።

ሰኞ ለአርታኢዬ አራተኛውን አልጽፍም አልኳት። ማስታወቂያው አውቶቡስ ላይ ሳይቀር ተለጥፎ ምን ዓይነት ቀልድ ነው አለች። ፊቴን ስታይ በሩን ዘጋችና ማንን እንደበደልኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሦስተኛው ዳግመኛ እንዳይታተም ተስማማን፤ የተበተነውን ግን ማን ይሰበስበዋል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

አሁን ሃያ ስድስት ዓመት የዋጥኩትን ልንገርሽ። እማዬ ባረፈችበት ቀን፣ እግሩ በጀሶ እንዳለ አጠገቤ ተኝቶ ነበር ብለሽ ነው የምታምኚው። አልተኛሁም። ደክሞኛል ብለሽ ተረቱን ስለከለከልሽኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር። እማዬ ሁለት ጊዜ ተጣራች፤ ሁለቱንም ሰምቻለሁ። “እማዬ ትጠራሻለች” ማለት አንድ ትንፋሽ ነበር። እልህ ይዞኝ ዝም አልኩ። ያንቺ ድካም ነው፣ እታለም፤ የእኔ ግን ክፋት ነበር። ይህን እያወቅኩ ነው ሸክሙን ላንቺ ብቻ ትቼ በአደባባይ ያወጣሁት።

ይቅርታ ለመለመን አፍ የለኝም። ስደቢኝ፣ ግን ጻፊልኝ። መጨረሻዬን እንጃ፤ ቀኑ እየከበደኝ ነው።

ጋሼን ሰላም በይልኝ። ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። የአባባን ጉልበት ስሜያለሁ፤ አንብቢልኝ ካሉሽ ሰላምታውን ብቻ አንብቢላቸው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከመስኮቱ ሥር፣ ከመጻፊያ ጠረጴዛዬ
ሐሙስ ጠዋት፣ ሰኔ ፲፪ ቀን