የጤነኛው ደም

ሰኞ፣ መጋቢት 15
ከጎሮ ታክሲ ጠፍቶ ላቦራቶሪ አርፍጄ ገባሁ። ጋሽ ሽፈራው እጅጌያቸውን ሰብስበው እየጠበቁኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ሲቀዱ ይውላሉ፤ ጠዋት ግን የራሳቸውን ለእኔ ይሰጣሉ። የበሽተኛ ደም ከመመርመሬ በፊት የጤነኛ ሰው ደም በማሽኑ ማሳለፍ አለብኝ። አለዚያ የቱ ልክ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ጤነኛችን እሳቸው ናቸው።
«ነይ ቅጂኝ። በጾምም ቢሆን ደሜ አንደኛ ነው!»
ከስተዋል። «ሁዳዴ ነዋ» አሉ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16
አንድ ነገር ልክ አልመሰለኝም። ማሽኑ ሴሎቹን አንድ በአንድ በብርሃን ፊት ያሳልፋል። የምንጨምረው ቀለም የታመመ ሴል የሚያበዛው ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል፤ ብዙ ፕሮቲን ያለበት ሴል አብዝቶ ያበራል። በጋሽ ሽፈራው ደም ውስጥ ማብራት የሌለባቸው ሴሎች አበሩ... ለብቻቸው ተሰብስበው።
የሞቱ ይሆናሉ። የሞተ ሴል ያገኘውን ቀለም ሁሉ ይይዛል። መብራት ጠፍቶ ናሙናው ሲጠብቅ ውሏል። እሱ ነው... መቼም እሱ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17
«የትናንቱ ተበላሸብኝ» አልኳቸው።
«ደሜን ጨረስሽው እኮ!» እየሳቁ ክንዳቸውን ዘረጉ።
ወዲያው ሠራሁት። የሞተውን የሚለይ ቀለምም ጨመርኩበት። ሴሎቹ በሕይወት አሉ። ያ ፕሮቲንም አለባቸው።
ምነው የሞቱ በሆኑ ብዬ ተመኘሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18
ማን መርምሪ አለኝ? በሽተኛ አይደሉም። ካርድ እንኳ የላቸውም።
ለኃላፊያችን ለዶክተር አስመረት አሳየኋት። ስክሪኑ ላይ ብዙ ቆየች። «የደም ካንሰር ይመስላል። የማን ነው?»
«የጋሽ ሽፈራው።»
ወንበር ስባ ተቀመጠች።
«ከፋሲካ በኋላ ብንነግራቸውስ?» አልኩ።
«ያንቺ ቢሆን እስከ ፋሲካ ቢደብቁሽ ትወጂያለሽ?»
አልወድም። እኔው ልንገራቸው አልኩ። ለምን አልኩ?

አርብ፣ መጋቢት 19
እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ።
«ዛሬ ከእኔ ይሁን» አልኩ።
«ምነው፣ ደሜን ናቅሽው?» ሳቅ አሉ። ፊቴን ሲያዩ ሳቃቸው ጠፋ።
ነገርኳቸው። እጅጌያቸውን ቀስ ብለው መለሱ... ቁልፉን ቆለፉ።
«እኔ እኮ ጾሙ ነው ብዬ...» ከዚያ ደንገጥ ብለው «ሰዎቹስ? በእኔ ደም የለካሻቸው?»
የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይኼ ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20
የቆዩትን ውጤቶች ከዶክተር አስመረት ጋር አየናቸው። የማንም አልተሳሳተም። ደውዬ ነገርኳቸው። «ተመስገን» አሉ፣ የራሳቸው ውጤት የሆነ ያህል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16
ፋሲካ አለፈ። ጋሽ ሽፈራው ዛሬ ሐኪማቸው የጻፈላቸውን የምርመራ ወረቀት ይዘው በበሽተኞቹ በር ገቡ። ይለፉ ብላቸው እምቢ፤ ተራቸውን ጠበቁ።
ስቀዳቸው መጀመሪያ ደም ሥሩን ሳትኩት።
«ረጋ በይ። እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ?»
ሁለቱን ቱቦዎች ጎን ለጎን አቆምኩ። አንገታቸውን አስግገው አዩ።
«ዛሬ ጤነኛው ማነው?»
«እኔ ነኝ» አልኩ። አፈርኩ።
«እሰይ» አሉ። «እግዜር ይጠብቅሽ።»
መጀመሪያ የእኔን አሳለፍኩ። ቀጥሎ የእሳቸውን።