የቤተ ሙከራው ክፍለ ጊዜ

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እትዬና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከመክሳቴ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ መክሳቱንም ልብሴ ወዶታል።

ለአዲሱ የሒሳብና የሳይንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስናዘጋጅ የከረምነው ሥርዓተ ትምህርት ትናንት ጸደቀ። በዋዛ ግን አልሆነም። ሰብሳቢያችን፣ በሌሉበት «አቶ ይቀነስ» የምንላቸው፣ የቤተ ሙከራውን ክፍለ ጊዜ ለሁለት ገምሰው ግማሹን ለፈተና ልምምድ ሊሰጡት ነበር። መምህሩ ፊት ቆሞ አንዴ ካሳየ ይበቃል ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ ሌላው ሲዋኝ እያየ ዋና የለመደ ሰው የለም አልኳቸው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የቀጥታ መስመርን ቀመር ከመሸምደዱ በፊት ጥቅልል ሽቦ ላይ ክብደት እያንጠለጠለ ይለካ፤ የለካውን በነጥብ ያስቀምጥ፤ መስመሩ ራሱ ይወጣለታል። ቢሳሳትም መምህሩ ዕቃውን ሳይነካ በቃል ብቻ ይምራው እንጂ ስሕተቱን ራሱ ፈልጎ ያግኝ።

የኬሚስትሪው መምህር በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ጭራሽ ብሶብኝ ቀጠልኩ።

በመጨረሻ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ዕቃውን ሳይነካ በቃል ብቻ ቤተ ሙከራ የሚመራ መምህር ከየት ልታመጪ ነው?» አሉኝ።

«አንድ አውቃለሁ» አልኩ። «ተማሪው አምፖሏ ደመቀች ወይስ ፈዘዘች የሚለውን አይቶ እስኪነግረው ድረስ አያሳልፈውም።»

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ድምፅ ሲሰጥ የሳቸውም እጅ ወጣ። ስንበተን ኮሪደሩ ላይ ጠብቀውኝ፣ እንግዲያው ሰውየውን አምጪልን አሉኝ።

ሰውየው አንተ ነህ። የሰፈሩን ልጆች በረንዳህ ላይ ፊዚክስ በቃል ስታስተምር ሰምቻለሁ፤ እስካሁን የወደቀ የለም። ዓይንህን ካጣህ ወዲህ ቤት መዋልህ ይብቃህ። ክፍሉ ደረጃ የለውም። ጠረጴዛዎቹን ከበሩ ጀምሮ በአንድ ረድፍ አስደርድሬአለሁ፤ መተላለፊያው ላይ ቦርሳም ሆነ ወንበር እንዳይቀመጥ መመሪያው ውስጥ አስገብቻለሁ። ለምን ሲሉኝ ለጥንቃቄ ነው አልኳቸው፤ አልዋሸሁም።

እምቢ እንደምትል አውቃለሁ። እኔም እንደማልሰማህ እወቅ። ሰኞ ጠዋት መጥቼ እወስድሃለሁ።

እትዬ፣ እሱ ፊቱን ቢያዞርም እባክሽ አንድ መስመር ሳትዘልዪ ጮክ ብለሽ ጨርሺለት።

ጤናና ሳቅ ከቤታችሁ አይጥፋ።

ፊዚክስን ካንተ የተማረች ታናሽ እህትህ