የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጉድጓዶች ቅጂ

ነገሌ ቦረና
መጋቢት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ኦብሴ ኮ፣ ልጄ፣

አካም ጅርታ? ናጋ ነሽ ወይ? የአሶሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ሆስፒታሉስ፣ ተረኝነት አበዙብሽ ወይስ አሳረፉሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው፤ ዳገት ካልሆነ አያስቸግረኝም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ በስልክ ሳወራ ስለምጮህ ነው። ወረቀት ላይ ቢያንስ አልጮህም። ደግሞም መሃል ላይ ኔትወርክ እንዲቆርጠው የምፈልገው ወሬ አይደለም። ተቀምጠሽ አንብቢው፤ የምሥራች ነው።

የቤቱ ኮምፒዩተር ሞተ። ቆይ፣ አትደንግጪ።

ከአንድ ወር በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት ስከፍተው ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ጀመረ። አይጥ የገባበት መስሎኝ ጎኑን መታ መታ አደረግኩት። ሲብስበት ከፊት ለፊታችን ፎቶ ኮፒ ቤት ያለውን አክሊልን ጠራሁት። ገና በር ላይ ሆኖ ድምፁን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ሃርድ ዲስኩ ነው። እየሞተ ነው» አለኝ።

«ይጠገናላ?»

«አይጠገንም። አሁን ከዘጉት ደግሞ ላይነሳ ይችላል። ሌላ ቦታ ኮፒ አለዎት?»

ከሁለት ዓመት በፊት ከአሶሳ ድረስ ይዘሽልኝ የመጣሽው ትንሹ ሃርድ ዲስክ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ልትገለብጪልኝ ስትቀመጪ «አትንኪብኝ፣ ሥራዬን ታጠፊብኛለሽ!» ብዬ መጮኼን፣ አንቺም በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ መሄድሽን አክሊል ከየት ያውቃል? ካርቶኑን አምጥቼ ሰጠሁት። ማሸጊያውን በጥርሱ ቀደደው።

ምን እንደነበረበት ታውቂያለሽ። በውሃ ሥራ ላይ ባሳለፍኩት ሠላሳ አንድ ዓመት ከሊበን እስከ አሬሮ የደረስኩባቸው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጉድጓዶች፤ ጥልቀታቸው፣ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ፣ ጨው ይኑረው አይኑረው፣ ፓምፑ በምን ምክንያት እንደቆመ። ደብተሮቹን ምስጥ ሲጀምራቸው እናትሽ እያነበበችልኝ፣ እኔ በሁለት ጣቴ እየመታሁ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባነው በሁለት ዓመት ነው። ደብተሮቹ ከዚያ በኋላ አፈር ሆኑ። በስሟ «ሎሚ» ያልኩት የእናትሽ ፎልደርም እዚያው ነበር፤ ፎቶዎቿ ሁሉ፣ አንቺ የተመረቅሽ ዕለት የተቀረጸው ቪዲዮም ጭምር።

አክሊል ገመዱን ሰክቶ ወደ እኔ ዞረ። «ሁሉንም በአንዴ ካዘዝነው ይቆማል። በጣም የሚፈልጉትን እናስቀድም። ከዚያ ወዲያ ያለው እንደ ዕድላችን ነው። የቱን ልጀምር?»

ከኋላው ቆሜ ስክሪኑን አየሁ። ሁለቱ ፎልደሮች ጎን ለጎን ናቸው። እናትሽ ያረፈች ዕለት እኔ ፊልቱ አካባቢ ፓምፕ እያወረድኩ እንደነበር፣ የደረስኩትም ከተቀበረች በኋላ እንደነበር አንቺም አልረሳሽው፣ እኔም አልረሳሁት።

«የሎሚን» አልኩት።

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ? የጉድጓዶቹ ነገር እኮ...»

«የሎሚን አስቀድም አልኩህ።»

አርባ ደቂቃ ፈጀ። አንድ ፎቶ ላይ ተገትሮ አልሄድ ሲል አክሊል ዘለለው። ከዘጠኝ መቶ ፎቶ የጠፋው እሱ ብቻ ነው። እኔ ብቻዬን የተነሳሁት ነው መሰለኝ፤ ብዙም አይቆጭም።

ከዚያ ጉድጓዶቹን ጀመርን። ገና ሩቡ እንኳ ሳይሄድ መብራት ጠፋ! አክሊል ከሱቁ ተሸክሞ ያመጣው የባትሪ ሣጥን ይዞት ነበር፤ እሱም ወዲያው ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። «ሃያ ደቂቃ ቢቆይልን ነው» አለ። ስክሪኑ ደግሞ አንድ ሰዓት ይቀራል ይላል። ጉልበቴን ረስቼ ወደ ጎረቤታችን ወደ ሸምሳ ሮጥኩ። ለሱቋ ፍሪጅ ጄኔሬተር እንዳላት ታስታውሻለሽ። ነገሩን ሳልጨርስላት ፍሪጁን ነቅላ ገመዱን በአጥር ላይ ወረወረችልኝ። «ለስላሳው ይሙቅ፤ አንቱ ብቻ ይድረሱበት!» አለችኝ።

ልክ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ አለቀ። አክሊል ዲስኩን ሱቁ ወስዶ በራሱ ኮምፒዩተር ከፈተልኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እስከ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቆጠርኩ። አንድም አልጎደለም። በማግስቱ የቤቱን ኮምፒዩተር ስንሞክረው ቀጭ እንኳ አላለም።

ይሄ ብቻ ቢሆን በአጭሩ ጽፌልሽ እጨርስ ነበር። ዋናው ከዚህ በኋላ ነው።

ድርቁን በቴሌቪዥን አይተሻል። እዚህ ግን ሽታው ጭምር አለ፤ በአሬሮ መንገድ ግራና ቀኙ የወደቀ ከብት ነው። በዚያው ሰሞን ፋርሂያ የምትባል መሐንዲስ እኔን ስትጠይቅ ቤት ድረስ መጣች። የፊልቱ ልጅ ናት፤ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ጉድጓድ ታስቆፍራለች። ከአሬሮ ወዲያ ኤላ ዲማ በሚባል ቦታ አዲስ ጉድጓድ ልታስቆፍር ፈልጋ፣ መቆፈሪያ መኪናው የሚደርሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው ብለዋታል።

«ለምን አዲስ ትቆፍራላችሁ? እዚያ እኮ አንድ ጉድጓድ አለ» አልኳት።

የያዘችውን ዝርዝር አሳየችኝ። «አባ፣ እሱ ደረቅ ነው ተብሎ ተጽፏል።»

እጇን ይዤ ወደ አክሊል ሱቅ ወሰድኳትና ዲስኩን ከፈትንላት። ቁጥር 187፣ ኤላ ዲማ። ውሃው በ54 ሜትር፣ ጨው የለውም። በ1997 ቧንቧው ተበጥሶ ፓምፑ 90 ሜትር ላይ ወደቀ፤ ማውጫ መሣሪያ ስለሌለን ዘጋነው።

«ተደፈነ እንጂ አልደረቀም» አልኳት። ፋርሂያ ሁለት ጊዜ ደግማ አነበበችው። ከዚያ ስልኳን አንስታ «ማውጫውን ነገ ጫኑልኝ» ስትል ሰማሁ።

እኔም አብሬ ሄድኩ። ሁለት ቀን መንጠቆው እየያዘ አመለጠን። ሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ያ አሮጌ ፓምፕ ዝጎ፣ እንደ ሬሳ ተጎትቶ ወጣ። በማግስቱ አዲሱን አወረዱና ከፀሐይ ሰሌዳው ጋር አገናኙት። ቧንቧው መጀመሪያ ነፋስ ተፋ፣ ቀጥሎ ቀይ ጭቃ። ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ!

ጣዲቻ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከስልሳ ከብታቸው የቀሩት አሥራ አንድ ናቸው። በመዳፋቸው ዘግነው ቀመሱትና «ቢሻን ዱፌ! ውሃ መጣ!» ብለው ሲጮኹ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ሮጡ። ከብቶቹን የሚይዛቸው ጠፋ፤ ገንዳው እስኪሞላ አልጠበቁም። እኔም ጮኽኩ ኦብሴ፤ ከወጣቶቹ ጋር ዘለልኩ! ጉልበቴ ለሦስት ቀን አስከፈለኝ፣ ግን ይሁን።

«ይህን ሁሉ ማን አስቀመጠልህ?» ለሚለኝ ሁሉ «ልጄ ናት» እላለሁ። ገበያው ሁሉ ስምሽን አውቆታል።

አሁን ቅጂው ሦስት ቦታ አለ። አንዱ አክሊል ጋ፣ አንዱ ፋርሂያ ቢሮ፤ ሦስተኛው ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ የጠቀለልኩት ፍላሽ ነው። ቪዲዮው ላይ እናትሽ ስትስቅ በደንብ ይሰማል።

ፋርሂያ በዝርዝሯ ደረቅ ከተባሉት ውስጥ ሌሎች አራት አግኝታለች፤ በእኔ መዝገብ ግን ውሃ አላቸው። ሰኞ እንወጣለን። ከዚያ በኋላ ግን ለአሥራ አምስት ቀን ለማንም ሥራ እንደማልወጣ ነግሬያታለሁ። «የት ሊሄዱ ነው አባ?» ብትለኝ «የግል ጉዳይ ነው» አልኳት።

ዋቃ በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ይሁንሽ። እጅሽ የነካው በሽተኛ ይዳን። ያጣሽውን ይተካልሽ።

ለመሆኑ ከነገሌ አሶሳ በአውቶቡስ ስንት ቀን ያስኬዳል?

አባትሽ
ዳዳቻ ቡሌ