ሐሞትና የአባባ መርፌ

የካቲት 3፣ ጠዋት

የፍየሉን አንጀት አጠብኩ። አባባ ከልኳንዳቸው ትኩሱን ልከውልኝ ነው። ፋርማሲ የምትማረው ልጄ ልትሞክርበት ነው እያሉ ለቆቦ ገበያ ሁሉ አውርተዋል፤ የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ አውቀዋል!

ሁለት ቁራጭ። ውስጣቸው ከዩኒቨርሲቲ ያመጣሁት ሰማያዊ ቀለም። የቀለሙ ፍሬ፣ ሞለኪዩሉ፣ ትልቅ ነው፤ አንጀት እንደዋዛ አያሳልፈውም። አንደኛው ላይ የፍየል ሐሞት ጨመርኩ። አፋቸውን አስሬ ለብ ያለ የጨው ውኃ ውስጥ ነከርኳቸው። ሐሞት የሌለበት ቁራጭ ውኃው እንደጠራ ነው። የሐሞቱ ግን ሰማያዊ ሆነ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ!

አባባም መጥተው አጠገቤ ቁጭ ብለው ያያሉ። አስረዳኋቸው፦ የአንጀት ግድግዳ እንደ እሾህ አጥር ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ የሐሞት ጨው ያሳሳዋል፣ ትልልቁም ያልፋል። ኢንሱሊንም ትልቅ ነው። አንድ ቀን በዚህ መንገድ የሚዋጥ ይሠራ ይሆናል። ስኳር ይዟቸው ስንት ዓመት ሆዳቸውን ኢንሱሊን ሲወጉ የኖሩ ሰው። ፊታቸው በራ።

የካቲት 5፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ሆስፒታል ነን። አባባ ውኃ አልጠግብ ብለው፣ ሲያስመልሳቸው፣ እኔና እማዬ በባጃጅ አመጣናቸው። ስኳራቸው ከማሽኑ በላይ ሆነ።

ነርሷ መርፌ አቋርጠው እንደሆነ ስትጠይቃቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ትናንትና ዛሬ ኢንሱሊኑን በሐሞት በጥብጠው ጠጥተውታል! ጥሬ ጨጓራ በሐሞት እያጠቀሱ ላደጉ ሰው ምሬቱ ምናቸው ነው። ልቆጣ ስል፣ የልጄን ሥራ ቀድሜ ልሞክርላት ብዬ ነው አሉ። አንጀቴን በሉት። ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። ያ አላህ፣ አትውሰድብኝ።

የካቲት 7

አልሐምዱሊላህ። ሾርባ ቀመሱ።

ያን ዕለት ከደስታዬ የተነሣ ሳልነግራቸው ያለፍኩትን ዛሬ ነገርኳቸው። ኢንሱሊን አንጀት ሳይደርስ ጨጓራ ይፈጨዋል። ደግሞ የሳሳ አጥር መድኃኒት ብቻ አያስገባም፤ ጀርሙም መርዙም ያልፋል። የሚዋጠው ሲሠራ እኔ እደርስበት ይሆን አሉኝ። ልዋሽ አስቤ ነበር፣ ማስታወሻዬ። አላውቅም አልኩ። ራሴን ዳበሱኝ፣ እኔን ሊያጽናኑ!

የካቲት 10፣ ማለዳ

ቤት ገባን። አባባ ከሱብሂ ሰላት ተመልሰው በአንድ እጅ የታጠበ አንጀት በሳህን፣ በሌላው መርፌያቸውን ይዘው መጡ። ወጊኝና ሥራሽን ቀጥይ አሉ። ቢስሚላህ ብዬ ወጋሁ። እሳቸው ይስቃሉ።

ወሰንኩ። ዩኒቨርሲቲ እስክመለስ ጠዋት ጠዋት የምወጋቸው እኔ ነኝ፤ እማዬንም አለማምዳለሁ። የመመረቂያ ጥናቴም ይኸው ነው። ግን ሐሞት አጥሩን እንዴት እንደሚያሳሳው ብቻ አይደለም የማጠናው። አጥሩ መልሶ እንዴት ጥቅጥቅ እንደሚልም ነው። አባባ ባይደርሱበት እንኳ በእሳቸው አንጀት የተጀመረ... ምን ማለቴ ነው፣ በእሳቸው ፍየል!

እየተጣሩ ነው። ሐሞቱን የት ደበቅሽው ይላሉ። ለጨጓራው ማጥቀሻ ነው ወላሂ ይላሉ። አልሰጥም፣ ቆይ ሲያጠቅሱበት እኔ ራሴ ቆሜ ካላየሁ!