ጊዜው እስኪሞላ በሩን ይዘው ስለሞቱት የሳንባ ነቀርሳ ተመራማሪ ከጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር የተሰጠ የሐዘን መግለጫ

ከገበያችን የኋላ ግንብ ጋር በሚዋሰነው ቤተ ሙከራ ለአሥራ አንድ ዓመት የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያንና የሰው ሰውነት እንዴት እንደሚከላከለው ሲያጠኑ የቆዩት ጎረቤታችን፣ እኛ በቁልምጫ «አባ ሳል» የምንላቸው ሐኪም፣ ገበያችን በተዘረፈበት ቀን በሥራ ቦታቸው ተደብድበው ተገድለዋል። የጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር የተሰማውን መሪር ሐዘን ለአባላቱ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለሕዝቡ ያስታውቃል።

ይህ መግለጫ ዘግይቷል። የዘገየው በቸልታ አይደለም። ሐኪሙ በተቀበሩ ማግስት በገበያው «አባ ሳል በሽታውን ለቀውብን ሞቱ» የሚል ወሬ ተነዛ። ጎረቤት ከባለቤታቸው ቤት ቀረ። ለቅሶ የመጣውም አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ ከደጅ ቆሞ ተመለሰ። ወሬን በወሬ መመለስ ኪሳራ ስለሆነ፣ ማኅበሩ ከሚመለከተው የጤና ክፍል የምርመራ ውጤት እስኪያገኝ ዝም ማለትን መረጠ። ይህ ተህዋስ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው፤ መሞቱን ለማረጋገጥ ሳምንታት ይፈጃል። ውጤቱ በዚህ ሳምንት ደርሶናል።

ሐኪሙ ወደ ሰፈራችን ሲመጡ አዳራሻችን መስኮት አልነበረውም። ጣቃ በጣቃ ላይ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ፣ ብናኙና ሳሉ እዚያው ሲዞር ይውል ነበር። ይዘውት የመጡት ጥያቄ አንድ ነው፦ ያንኑ አየር ከሚተነፍሱ ሰዎች አንዱ ሲታመም ሌላው ለምን ይተርፋል?

በመጀመሪያው ዓመት በየሱቃችን እየዞሩ አክታና ደም እንድንሰጣቸው ጠየቁ። «ደማችንን ለማን ሊቸበችቡት ነው?» ተብሎ ሁሉም እንቢ አላቸው። ሊቀመንበራችን በስብሰባ ላይ ቀርበው እንዲያስረዱ ጋበዟቸው። «ሰውነታችሁ ዘበኛ አለው» አሉ። «ዘበኛው ሌባውን ሲያገኝ ይውጠዋል። ይህ ሌባ ግን ተውጦም አይሞት፤ ዘበኛው ሆድ ውስጥ ጎጆ ይቀልሳል።» ከኋላ የተቀመጠ አንድ ነጋዴ «የእኛ ዘበኛማ ከሌባው ጋር ነው የሚካፈለው!» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ሞላው። ሐኪሙም አብረው ሳቁ። «እንደዚያ ያለም አይጠፋም» አሉ። «ያን ጊዜ ሌሎቹ ዘበኞች መጥተው ይከቡታል፤ በገዛ አካላቸው አጥር ይሆኑበታል። አጥሩ የቆመለት ሰው ምንም ሳይሰማው ነግዶ፣ ወልዶ ከብዶ ይኖራል። ሌባው ወደ ጎረቤት የሚወጣው አጥሩ ሲፈርስ ነው። እኔ የማጠናው አጥሩን ነው።» በማግስቱ እጅጌያችንን ሰብስበን ተሰለፍን።

በሦስተኛው ዓመት መጋረጃ ሻጮቹን እህትማማቾች መከታተል ጀመሩ። ታላቂቱ ሁለት ጊዜ ታማ ድናለች፤ ታናሿን በሽታው ነክቷት አያውቅም። «እኔ የምተነፍሰው ሌላ አየር ነው እንዴ?» ብትላቸው፣ «አየሩስ አንድ ነው እናቴ፤ ያንቺ ዘበኞች ግን ቶሎ ይቆጣሉ» አሏት። ታላቂቱ ቀበል አድርጋ «እሷን መስለው ነዋ!» አለች። ከሁለቱ እህትማማቾች ደም የተገኘው ልዩነት በሙያ ባልደረቦቻቸው ዘንድ ትልቅ ቦታ እንደተሰጠው ሰምተናል። ዝርዝሩን ለባለሙያዎቹ እንተዋለን።

በአምስተኛው ዓመት በምክራቸው የአዳራሹ የላይኛው ግድግዳ ተከፍቶ መስኮት ወጣለት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚታመም አባል ቁጥር እየቀነሰ መጥቷል።

በሰባተኛው ዓመት መድኃኒት የማይበግረው የነቀርሳ ዓይነት በገበያችን ታየ። ሐኪሙ ይህን ተህዋስ በጠርሙስ እያሳደጉ የሚያጠኑበት፣ የብረት በርና አየር እየሳበ የሚያጣራ ማራገቢያ ያለው ክፍል አሠሩ። በመጨረሻ የሞቱት በዚህ ክፍል ደጃፍ ነው።

የዘረፋውን ቀን እንደነበረ እንጽፈዋለን።

የዘራፊ መንጋ ከላይኛው መንገድ ብረት ይዞ ወረደ። የሱቆቻችንን መዝጊያ በመኪና ስበው ነቀሉት። ጨርቅ ሻጩ ባልደረባችን በገዛ የብረት ሜትሩ ተመትቶ መንጋጋው ተሰበረ። አንዲት ልብስ ሰፊ መቀሷን አልለቅም ብትል በዚያው መቀስ መዳፏን በሷት። መሸከም ያቃታቸውን ጣቃ አቃጠሉት። ቤተሰቦቻችን ከኋላው ግንብ ሥር ባለው መጋዘን ተደበቁ። መብራት ጠፋ። ዘራፊዎቹ ወደ ቤተ ሙከራው ግቢ ዞረው ዘበኛውን ጥለው ረገጡት፤ ጄኔሬተሩን ከተተከለበት ፈንቅለው ወሰዱት። የማራገቢያው ድምፅ ያን ጊዜ ቆመ።

ሐኪሙ ሠራተኞቻቸውን በእኛ ግንብ በኩል አሻገሩ። መሰላሉን የያዘው ጎረቤታቸው ቆርቆሮ ሠሪው ነው። የመጨረሻዋ ረዳታቸው ከተሻገረች በኋላ ቆርቆሮ ሠሪው እጁን ዘረጋላቸው።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ እጅዎን ይስጡኝ!»

«እኔ ከወጣሁ እነሱም ይወጣሉ» አሉት። እነሱ ያሉት በጠርሙስ ያሉትን ነው። ከዚያም ከግንቡ ወዲህ የተሻገረችውን ረዳታቸውን «በረኪናው የት ነው?» ብለው ጠየቋት።

ረዳታቸው ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። «ሁሉንም ሊገድሏቸው ነው? የአሥራ አንድ ዓመት ሥራ እኮ ነው!»

«ሰው ከሚሞት እነሱ ይሙቱ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ይበቃኛል» አሉና የብረቱን በር ከውስጥ ቀረቀሩት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ቆርቆሮ ሠሪው ግንቡ ላይ በደረቱ ተኝቶ አይቷል፤ ሰምቷልም። ዘራፊዎቹ በሩን በብረት ይደበድቡ ጀመር።

«ክፈት ሽማግሌ! ምን ብትደብቅ ነው?»

«ሞት ነው ያለው ልጆቼ፤ ትንሽ ታገሡኝ።»

«ሞት ከሆነ ለምን ቆለፍክበት?»

«ሞትማ ይቆለፍበታል እንጂ!»

ሳቁባቸው። መደብደቡንም ቀጠሉ። ማራገቢያው ስለቆመ የበረኪናው ጢስ ክፍሉን ሞልቶት ነበርና የሐኪሙ ሳል እስከ መጋዘናችን ተሰማ። በጎረቤትነት ዘመናችን ሁሉ ሲስሉ የሰማናቸው ያን ቀን ብቻ ነው። በሩ ግን እሺ አላለም። በመጨረሻ ዘራፊዎቹ የእኛኑ ጣቃ ጎትተው ከበሩ ሥር ከመሩ፤ ነጭ ጋዝም አርከፈከፉበት። ከግንቡ ወዲህ ልጆቻችን ነበሩ። ቆርቆሮ ሠሪው «እሳት ሊለቁ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ግማሽ ሰዓቱ ሞልቶ ነበር። መቀርቀሪያው ከውስጥ ተነሣ። ሐኪሙ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ግድግዳ ተደግፈው ወጡ፤ «አሁን መግባት ትችላላችሁ» አሉ።

ገብተው ያገኙት በበረኪና የተዘፈቀ ጠርሙስ ብቻ ነው። በዚህ ተናደዱ። የሐኪሙን ጭንቅላት በገዛ በራቸው መቀርቀሪያ መቱ፤ ከወደቁም በኋላ መምታታቸውን አልተዉም። ማቀዝቀዣውን በላያቸው ጎትተው አወጡ። በውስጡ የነበረው ባለፉት ዓመታት የሰጠነው የደም ናሙና ሲሚንቶው ላይ ተሰበረ። አስከሬናቸውን ስናነሣ የእኛ ደምና የእሳቸው ደም አንድ ላይ ፈስሶ ነበር።

በግድያው የተጠረጠሩ ሦስት ሰዎች በሕግ ጥላ ሥር ይገኛሉ። ሁለቱን በመልክ እናውቃቸዋለን፤ ከእኛው ሸቀጥ ሲሸከሙ የኖሩ ናቸው። ማኅበሩ በምስክርነት ይቆማል እንጂ በማንም ላይ እጁን አያነሣም፤ አባሎቻችንም ይህን እንዲጠብቁ ጥብቅ ማሳሰቢያ ተሰጥቷል።

የምርመራው ውጤት እንዲህ ነው። የጤናው ክፍል ከክፍሉ ወለል፣ ከበሩና ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ናሙና ወስዶ ለማሳደግ ሞክሯል። ምንም አልበቀለም። ከዚያ ክፍል ወጥቶ ወደ ገበያው የገባ በሽታ የለም። ይህን ለባለቤታቸው ሄደን ስንነግራቸው «አንድም አልበቀለ?» ብለው ጠየቁን። «አንድም» አልናቸው። «እሱ ከነካው ሁሉ ሳይበቅል የቀረ ይህ የመጀመሪያው ነው» አሉን።

ማኅበሩ በሙሉ ድምፅ የሚከተለውን ወስኗል። ሥራውን የተረከበችው ረዳታቸው ከሀ ብላ ስለምትጀምር፣ አባላት ሁሉ ደማችንን እንደገና እንሰጣለን። መጋረጃ ሻጮቹ እህትማማቾች ከወዲሁ የመጀመሪያውን ወረፋ ይዘዋል፤ ማን እንደሚቀድም ግን ገና እየተጨቃጨቁ ነው። የቤተ ሙከራው በር በነበረበት እንዲቆም እንጂ እንዳይለወጥ ጠይቀናል። በብረት ተደብድቦ ጎድጉዷል፤ አልተሰበረም።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸው፣ ለወንድም እህቶቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ነፍሳቸውን ይማር።

ለገበያው ሰውና ለጎረቤት የምንለው ግን ይህ ነው። የቤታቸው በር ክፍት ነው። በሽታ የለበትም። መሐረባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱና ግቡ።

የጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር