ለጊታርህ የመረጥንለት ፒክአፕ

ውድ ጌታሁን፣

በተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ደብዳቤ በጤና ጥያቄ ይጀመራል ብለው አስተምረውኛል። ያንን ዘሎ የጀመረ ተማሪ ወረቀቱ ፊቱ ላይ ይቀደድበት ነበር። አንተ ካለህበት ግን ጤና የሚጠየቅ አይመስለኝም፤ ስለዚህ በሰባ አራት ዓመቴ ደንቡን ለመጀመሪያ ጊዜ ጣስኩት። ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቀኑንም ልጨምርልህ እችል ነበር፤ «እቴ ዲሬክተር፣ ደግሞ ስም ልትጠሪ ነው?» ብለህ እንዳትስቅብኝ ተውኩት።

ቤታችን እዚያው አይን ሻምስ ሰፈር ነው። ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ሁለት ፎቅ ስለጨመረ በረንዳችን ላይ ፀሐይ ከረፋድ በላይ አትቆይም። ወንበርህን ወደ ኩሽናው መስኮት አዛውሬዋለሁ፤ እዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብርሃን አለ። በረኛው አም ረጀብ ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ወደ ላይኛው ግብፅ ገባ። የተተካው ሰው ደረጃውን ከላይ ወደ ታች መጥረግ ሲገባው ከታች ወደ ላይ ይጠርጋል። ሁለት ጊዜ ወርጄ አሳይቼዋለሁ። «ማሌሽ ያ ሃጋ»፣ ግድ የለም እሜቴ፣ ይለኝና እንደገና ከታች ይጀምራል። አሳንሴሩም እንደምታውቀው ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል።

ልጃችን ሰብለ አሁንም ዶቂ ሰፈር ያለው የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። ሌላም ሥራ ይዛለች፤ ጊታር ትመታለች። አዎ፣ ያንተን ጊታር። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሆና ለዕንቁጣጣሽ በዓላችን ልትጫወት ቃል ገብታ ነበር። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ እሱ ነው፤ ከውስጡም አንድ የምናዘዝልህ ነገር አለ።

ታስታውሳለህ፣ ስንጋባ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የከለከልከኝ። አንደኛውን ረስቼዋለሁ፤ ስላላከበርኩት ይሆናል። ሁለተኛው ጊታርህን በደረቅ ጨርቅ ካልሆነ በቀር እንዳልነካው ነበር። ካርቱም ላይ አንድ ብርድ ልብስ ብቻ በነበረን ጊዜ እንኳ እሱን የለበሰው ጊታሩ ነው፤ እኔና አንተ በነጠላዬ አደርን። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። አሁን ለሰው ስነግር ግን እንደ ቁም ነገር ነው የምነግረው።

ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት፣ መዳፍህን የምታስደግፍበት ቦታ፣ በላብህ ጠቁሮ ነበር። ለስንት ዓመት ያን ጥቁር ነገር እያየሁ ዝም አልኩ! ጥፍርና የቀሚስ ጠርዝ በማስመሪያ ከሚለካበት ትምህርት ቤት ለወጣች ሴት ዝም ማለት ቀላል አይደለም። በአርባህ ሳምንት እንግዳ ሊመጣ ነው ብዬ ቤቱን ሁሉ ሳጸዳ፣ ጊታሩን ከግድግዳ አወረድኩት። ከዚያ የዕቃ ማጠቢያውን ቀጭን ሽቦ፣ ያን እንደ ጥጥ የሚበተነውን፣ አነሳሁና ብረቱን እስኪያንጸባርቅ ፈተግሁት። እንግዶቹ «እንዴት ተይዟል!» አሉ። እኔም ኮራሁ።

ዓመት ከመንፈቅ ያህል አልፎ ሰብለ ጊታሩን አውርዳ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ስታገናኘው፣ የፊተኛው ፒክአፕ እንደ ዱሮው ተናገረ። የኋለኛው ግን፣ ብረቱ አጠገብ ያለው፣ ሁለቴ ተንጫጫና ዝም አለ። ፒክአፕ ምን እንደሆነ አንተ ነህ ያስተማርከኝ፦ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት፣ ከክሮቹ ሥር ተቀምጦ ንዝረታቸውን ወደ አምፕሊፋየሩ የሚልክ። «የጊታሩ ጆሮ» ትለው ነበር። ሰብለ አርጅቶ ነው አለች። እኔም አርጅቶ ነው አልኩ፤ ያን ጊዜ እውነትም መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ቀን በሜትሮ ወደ መሐል ከተማ ሄድን። ኡስታ ሳቢር የሚባል፣ ዕድሜው የኔን የሚጠጋ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ አለ፤ ሱቁ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ነው። የኋለኛውን ፒክአፕ ፈቶ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገና በወረንጦ አንድ የዛገ የብረት ብጣሽ ሳበ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ማግኔቱ ያን የዕቃ ማጠቢያዬን ሽቦ ወደ ራሱ ስቦ፣ እሱም ውስጥ ገብቶ፣ ዝጎ፣ ቀጭኑን መዳብ በጥሶታል።

«ያ ሃጋ፣ ይህን ጊታር ሽቦ ያበላው ማነው?» አለኝ።

ሰብለ ሳቀች፤ «አባዬ እኮ ትንፋሽ እንኳ አያስነካውም ነበር» አለች። የትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኜ የዋሸ ተማሪ ግድግዳ ዞሮ እንዲቆም ሳደርግ የኖርኩት እኔ፣ እኔ ነኝ አላልኩም። በመልሱ መንገድ በሴቶች ፉርጎ ውስጥ ሰብለ ስለ ጓደኞቿ ስታወራ፣ እኔ መዳፌን ነበር የማየው።

ከዚያ ምርጫው መጣ። ኡስታ ሳቢር ሁለት ተሠርተው የሚሸጡ ፒክአፖች ተራ በተራ እየገጠመ ሊያሰማን፣ ካልሆነም ራሱ በእጁ ሊጠመጥምልን ተስማማ። እኔ ደብተር ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያው ጉልበተኛ የሚባለው ነው፤ ማይክሮባስ ሹፌር መንገድ ሲዘጋበት የሚያሰማውን ጥሩምባ ይመስላል። ከአሥር ሦስት ሰጠሁት። ሁለተኛው ምንም እዝዝታ የሌለው ዓይነት ነው።

እዝዝታውን ታውቀዋለህ። አርባ ዓመት የተጣላንበት ነው። ጊታሩን ገና ስትሰካው፣ ክር ሳትነካ፣ ቤቱን እዝዝ የሚል ድምፅ ይሞላዋል፤ እኔ ከኩሽና «ጌታሁን፣ ያን ነገር አጥፋልኝ!» እላለሁ፤ አንተ «ይተንፍስበት ተይው» ትላለህ። እና ይህ ሁለተኛው ለእኔ የተሠራ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ እንደተተኮሰ የደንብ ልብስ። ሰባት ሰጠሁት።

ሰብለ በትከሻዬ ላይ ደብተሩን አየችና «እማዬ፣ ፈተና ነው እንዴ የምታርሚው? ለነገሩ ከሰባት በላይ ለሰውም ሰጥተሽ አታውቂም» አለችኝ። ይኼስ ይገጠም ስትለኝ ግን «አይደለም» አልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱንም ደግመን ሰማን፤ አይደለም። በሦስተኛው ቅዳሜም አይደለም። ዕንቁጣጣሽ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ልጅቷ ከሥራ ቀጥታ እየመጣች ምሳ እንኳ አትበላም።

«ኸላስ፣ በቃ እማዬ!» አለች በመጨረሻ። «ምን ሲመስል ነው ደስ የሚልሽ? ንገሪኝና እሱን እንፈልግ። ካልሆነ ጊታሩን ግድግዳው ላይ እንመልሰውና የሰው ተውሼ ልጫወት።»

ግድግዳው ላይ የሚለው ቃል ነው የሰበረኝ። ያበራል እያልን የምናየው፣ የማይናገር ዕቃ ሆኖ ሊቀር ነው። ሁለቱንም የጣልኩት ጆሮዬ ስለከበደ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የትኛውም ፒክአፕ ቢገባ እኔ ያጠፋሁትን አልጠፋም ሊያሰኘው አልቻለም። ስለዚህ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ደብተሬን ዘግቼ፣ «ሽቦውን ያበላሁት እኔ ነኝ። በአርባው ሳምንት» አልኩ። በአማርኛም በዓረብኛም አልኩት፣ ኡስታውም እንዲሰማ።

ሰብለ አፏን ያዘች። የተቆጣች መሰለኝ። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቀች ኖሯል፤ ዓይኗም እንባ አቅርሯል። «እኔ እኮ ለቅሶ ቤት ውስጥ ያ ብረት እንደዚያ ማብራቱ ገርሞኝ ነበር!» አለች። ኡስታ ሳቢር መነጽሩን አውልቆ አየኝና «ማሌሽ ያ ሃጋ፣ እናቴ የአባቴን ዑድ በሳሙና አጥባዋለች። ውሃ ውስጥ ነክራ» አለኝ። ጌታሁን፣ ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ለአባቱም ዑድ፣ ለዚያ ባለ ክር የእንጨት መሣሪያ፣ አዘንኩ።

ከሳቁ በኋላ ሥራው ቀለለ። ኡስታው የፊተኛውን አንተ እንደተውከው እንዲተወው፣ የኋለኛውን በአሮጌው ማግኔት ላይ እንዲጠመጥመው ተስማማን። ግን በግልባጭ ልጠምጥመው አለ። ትክክለኛ አቅጣጫ እያለ በግልባጭ የሚሠራ ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቅሁት፤ እንደምታውቀኝ ጠንከር አድርጌ። ትዕግሥተኛ ሰው ነው። «ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ሁለቱም ለብቻቸው እዝዝ ይላሉ። አንዱን ገልብጬ ብጠመጥመው፣ ማግኔቱንም ባዞረው፣ ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ የአንዱ እዝዝታ የሌላውን ያጠፋዋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ይቀራል» አለ። ቀጥሎም ስንት ዙር እንደሚጠመጥም ለመወሰን ሰብለን ምቺ አላትና እጇን አየ። አንተ ክሩን ትዳብሰው ነበር፤ እሷ ትመታዋለች። ስለዚህ እንዳይጮህባት ዙሩን ቀነሰላት። ያንተን ድምፅ ፈልግልኝ አላልኩትም። በእሷ እጅ ልክ ይሠራ አልኩ። ከአሥር ስንት እንደሰጠሁት ሰብለ ጠየቀችኝ፤ ደብተሩን ቤት ረስቼው መጥቻለሁ አልኳት። ረስቼው አልነበረም።

የዕንቁጣጣሽ በዓል ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ያገራችን ሰዎች በተከራዩት አዳራሽ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሰብለ ጊታሩን ስትሰካ የፒክአፖቹን መቀያየሪያ ወደ ፊተኛው አድርጋ ነበርና እዝዝታው አዳራሹን ሞላው። ያንተ ነው። ብዙ ሰው ዞር ብሎ አየ፤ እኔ ብቻ አልዞርኩም። ከዚያ ወደ ኋላ መለሰችውና የራሷን ሁለት ዜማ ተጫወተች፤ ጠንካራ፣ ግልጽ፣ እንደ ልጅቷ ቸኩሎ የሚሄድ። በመጨረሻ መቀያየሪያውን መሐል ላይ አቆመችው። የፊተኛውም የኋለኛውም አንድ ላይ ተከፈቱ፤ እዝዝታውም እልም አለ። አርባ ዓመት ስጠይቅህ የኖርኩት ጸጥታ ነው። ከዚያ ጸጥታ ውስጥ እጇ ሲጀምር፣ አጠገቤ የነበረችው ሴት መሀረብ አቀበለችኝ።

አሁን ኩሽናዬ ውስጥ ያ ሽቦ የለም፤ ድስቶቼም እንደ ዱሮው አያበሩም። ደረቁን ጨርቅ ከጊታሩ ጎን በሚስማር ሰቅዬዋለሁ። ጥቁሩ ነገር በሰብለ መዳፍ ሥር እንደገና መምጣት ጀምሯል፤ አያለሁ፣ እጄን ግን አላነሳም። ዓርብ ዓርብ ከምሳ በፊት ስትሰካው፣ መቀያየሪያውን ወደ ፊት እንድታደርገውና ክር ከመንካቷ በፊት ትንሽ እንድትቆይልኝ ለምኛታለሁ። እሺ ትላለች። ቤቱን እዝዝታህ ሲሞላው እኔ ወንበርህ ላይ ነኝ። አጥፉልኝ አልልም። ጆሮዬ እስከሰማ ድረስ አልልም።

ያንተው
ዲሬክተርህ